«ቫምፓየሩ አይደለም ያስፈራኝ፣ ስልኩ ነው!»

በዚህ ሳምንት ስለ ባል፣ ስለ እጮኛና ስለ አማት የተጻፉትን ደብዳቤዎች ለጊዜው ወደ ጎን አድርገን አንድ ለየት ያለ ጉዳይ እናስተናግዳለን። «ይሄ ደግሞ ምን የሚሉት ጨዋታ ነው?» የምትሉ አትጠፉም። እኔም መጀመሪያ ሳነበው እንደዚያው ነው ያልኩት። ደግሜ ሳነበው ግን ነገሩ የጨዋታ ብቻ እንዳልሆነ ገባኝ። ጸሐፊዋ የምትኖረው አሜሪካ ነው። ስሟንና ከተማዋን እንደ ልማዳችን ትተን፣ ረዘም ያለውን ደብዳቤዋንም አሳጥረን፣ እነሆ፦

«ውድ የዓምዱ አዘጋጅ፣

ዕድሜዬ 24 ነው። ወደዚህ አገር የመጣሁት በ11 ዓመቴ ከእናቴ ጋር ነው። አሁን የራሴ ሥራ አለኝ፣ ግን የምኖረው ከእሷው ጋር ነው። አማርኛዬ ከተበላሸ ይቅርታ።

ከኮሌጅ ጀምሮ የማንለያይ አምስት ጓደኛሞች ነን። ሁልጊዜ ቅዳሜ ማታ አንዳችን ቤት ተሰብስበን «ቫምፓየር» የሚባል ጨዋታ እንጫወታለን። የኮምፒውተር ጨዋታ አይደለም። ጠረጴዛ ዙሪያ ቁጭ ብለን፣ እያንዳንዳችን አንድ ገጸ ባህሪ ይዘን፣ ዳይስ እየወረወርን ታሪክ የምንፈጥርበት ነው። አንዱ ልጅ ታሪኩን ይመራል። እመኑኝ፣ ሳምንቱን ሙሉ የምጠብቀው ያቺን ማታ ነበር። ሥራ ቦታ ዝምተኛ ነኝ። እዚያ ግን የምጮህ፣ የምሳደብ፣ የምስቅ ሌላ ሰው ነኝ።

ከሁለት ወር በፊት መሪያችን አዲስ ታሪክ አመጣ። «ይህን ላንቺ ስል ነው ያዘጋጀሁት፣ የአገርሽ ሰዎች ያሉበት ነው» አለኝ። ደስ አለኝ። ታሪኩ የሚካሄደው ሊቢያ ውስጥ ነው። ቫምፓየሮች ስደተኞችን መጋዘን ውስጥ ዘግተው ደማቸውን ይጠጣሉ፣ ቤተሰባቸው ጋ እየደወሉም ገንዘብ ያስልካሉ። ልጁ ነገሩን እውነት ለማስመሰል መብራቱን አጠፋው። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ያለው ስልክ ጠራ። «አንሺው፣ ላንቺ ነው» አለኝ። ሳነሳው የሚጮህ ሰው ድምፅ ነው። ከኢንተርኔት ያወረደው ነው።

አብሮኝ ያደገ የአጎቴ ልጅ ነበረኝ። በመተማ በኩል ወጥቶ ሊቢያ ተያዘ። እኔ ያኔ 14 ዓመቴ ነው። ደላሎቹ እየደበደቡት ይደውሉልን ነበር። ስልኩን የምታነሳው እናቴ ነበረች። ገንዘቡን ከዘመድ፣ ከዕቁብ፣ ከቤተ ክርስቲያን ሰው አሰባስበን ላክን። ከዚያ በኋላ ደውሎ አያውቅም።

ያን ማታ ተነስቼ መታጠቢያ ቤት ገባሁና ቆለፍኩ። እነሱ የገጸ ባህሪዬን ሚና የምጫወት መስሏቸው አጨበጨቡልኝ። ስወጣ «ምንም አይደል» ብዬ ጨዋታውን ጨረስኩ። ከዚያ ወዲህ አልሄድኩም። ለአንዷ ጓደኛዬ ብቻ ብነግራት «የሚያስፈራ ጨዋታ እኮ ነው፤ መፍራት ካልፈለግሽ ለምን ትቀመጫለሽ?» አለችኝ። ማታ ማታ እንቅልፍ የለኝም። ስልክ ሲጠራ ልቤ ሊወጣ ይደርሳል።

በዚህ ላይ እናቴ መጽሐፉን አልጋዬ ሥር አገኘችው። ጥርሳቸው የሾለ፣ አፋቸው ደም የሆነ ሰዎች ሥዕል አለበት። «ቤቴ ውስጥ ሰይጣን አስገባሽ!» ብላ ጸበል ረጨችበት። እንቅልፍ ያጣሁትም በእሱ ነው ትላለች። ካልተጠመቅሽ እያለች ነው። እኔም አማኝ ነኝ፣ ግራ ገባኝ። እናቴ ትክክል ናት? ወይስ ጓደኛዬ እንዳለችው ፈሪዋ እኔው ነኝ?»

ደብዳቤው እዚህ ላይ ያበቃል።

እህቴ፣ አማርኛሽ ምንም አልሆነም። መልሱን አስቀድሜ ልንገርሽ፣ ዝርዝሩ ከኋላ ይምጣ። እናትሽ ስለ መጽሐፉ ተሳስተዋል። ጓደኛሽ ደግሞ ስላንቺ ተሳስታለች። ከሁለቱ ስህተት ምረጥ ብባል የእናትሽን እመርጣለሁ፤ እሳቸው ቢያንስ ልጃቸው ላይ አንድ ነገር እንደደረሰ አይተዋል።

ጨዋታውን ለማያውቁት አንባቢዎቼ ትንሽ ላስረዳ። ልጅ ሆናችሁ እቃ እቃ ተጫውታችኋል አይደል? አንዷ እናት፣ አንዱ አባት፣ ትንሹ ደግሞ የሚታመመው ልጅ። ቆርኪው ሰሃን ነው፣ ጭቃው ወጥ ነው፤ ማንም «ይሄ እኮ ጭቃ ነው» አይልም። ፈረንጆቹ «ሮል ፕሌይንግ ጌም» የሚሉትን የትልልቅ ሰዎች እቃ እቃ ነው ብትሉ ብዙም አልተሳሳታችሁም። ልዩነቱ ወፍራም የሕግ መጽሐፍ ያለው መሆኑ ነው። ከተጫዋቾቹ አንዱ መሪ ይሆንና «በሩን ስትከፍቱት ክፍሉ ባዶ ነው፣ ሻማው ግን ገና ይጨሳል፤ ምን ታደርጋላችሁ?» ይላል። አንዱ «እኔ እገባለሁ» ይላል፣ ሌላዋ «እኔ እንኳን ከዚህ አላልፍም» ትላለች። የሚሳካውንና የማይሳካውን ዳይሱ ይወስናል። አሸናፊ የሚባል የለም። አንዱ ታሪክ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ይቀጥላል። «ስትሬንጀር ቲንግስ» የሚባለውን ተከታታይ ፊልም ያያችሁ፣ ልጆቹ ምድር ቤት ቁጭ ብለው ሲጫወቱ አይታችሁታል።

ያ የልጆቹ ጨዋታ «ደንጅንስ ኤንድ ድራጎንስ» ይባላል። የወጣው በ1974 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው)። ዋናው ነገሩ ዋሻ ገብቶ፣ ዘንዶ ገድሎ፣ ወርቅ ይዞ መውጣት ነው። አስፈሪዎቹ የመጡት ከዚያ በኋላ ነው። በ1981 «ኮል ኦቭ ክቱሉ» የሚባለው ወጣ፤ ላቭክራፍት በሚባለው አሜሪካዊ ደራሲ ታሪኮች ላይ የተመሠረተ ነው። በእሱ ጨዋታ ገጸ ባህሪያችሁ ጉድ ባየ ቁጥር የአእምሮ ጤና ነጥቡ ይቀነሳል። ዜሮ ሲገባ አበደ፣ ከእጃችሁ ወጣ ማለት ነው። እህታችን የምትጫወተው «ቫምፓየር፦ ዘ ማስኬሬድ» ደግሞ በ1991 ዋይት ዎልፍ በሚባል የአሜሪካ ድርጅት ታተመ። እዚህ ጭራቁ ሌላ ሰው ሳይሆን ተጫዋቹ ራሱ ነው። ደም ካልጠጣ አይኖርም። ክፉ በሠራ ቁጥር ግን «ሰብአዊነት» የሚባለው ነጥቡ እየወረደ ይሄዳል፤ ተሟጦ ሲያልቅ አውሬ ሆኖ ይቀራል። ለመኖር ስትል እስከ ምን ድረስ ትከፋለህ? ነው ጥያቄው። ለሕፃን የሚሰጥ ነገር አይደለም፣ እሺ። ግን የሰይጣን አምልኮ ነው ወይ?

እናትሽ እንደዚያ ሲሉ የመጀመሪያዋ እናት አይደሉም። በ1979 ሚሺጋን ውስጥ አንድ የ16 ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ድንገት ጠፋ። ወላጆቹ የቀጠሩት የግል መርማሪ «ጨዋታውን በእውን ሊጫወት ብሎ ከዩኒቨርሲቲው ሥር ባለው የእንፋሎት ቧንቧ መተላለፊያ ገብቶ ይሆናል» ብሎ ጠረጠረ። ጋዜጦቹ ያንን ይዘው አራገቡት። ልጁ ከሳምንታት በኋላ በሕይወት ተገኘ። ለካ ጨዋታ ሳይሆን የራሱ የቆየ የመንፈስ ጭንቀት ነው ያስኮበለለው። በዓመቱ፣ በ1980፣ ራሱን አጠፋ። መርማሪው ነገሩን ዘርዝሮ በመጽሐፍ ያወጣው በ1984 ነው። እስከዚያ ድረስ ወሬው አገር አዳርሷል፤ ልብ ወለድ ተጽፎ፣ ቶም ሃንክስ የተወነበት የቴሌቪዥን ፊልም ሳይቀር በ1982 ታይቷል።

በዚያው በ1982 ደግሞ ቨርጂኒያ ውስጥ አንዲት እናት ልጇ ራሱን አጠፋባት። «ትምህርት ቤት የተጫወተው ጨዋታ ነው የገደለው» ብላ ከሰሰች፣ ክሱ ውድቅ ሆነባት። በ1983 ጨዋታውን የሚቃወም ማኅበር አቋቋመች። በቴሌቪዥን ቀረበች፣ ለፖሊሶች ሳይቀር ስለ አደገኛነቱ ታስተምር ነበር። በዚህች ሴት መሳለቅ አይሆንልኝም፤ ልጇን የቀበረች ሰው ናት። ነገር ግን የዘረዘረቻቸውን ሞቶች በ1990 አንድ የጨዋታ ደራሲ አንድ በአንድ ተከታትሎ ጻፈባቸው። ጨዋታውን የሚጫወቱት ወጣቶች በሚሊዮን የሚቆጠሩ ናቸው፤ ካልተጫወቱት እኩዮቻቸው በበለጠ ራሳቸውን አጠፉ የሚያሰኝ ነገር አልተገኘም።

ቫምፓየርም የራሱ ጉድ አለው። በ1996 ፍሎሪዳ ውስጥ «እኔ ቫምፓየር ነኝ» የሚል የ16 ዓመት ልጅ የአንዲት ጓደኛውን እናትና አባት ደብድቦ ገደለ። ጨዋታውን ይጫወት እንደነበር ታወቀ፤ ከዚያ በኋላማ ማን ይቻለው! በ1998 ሞት ተፈረደበት፣ በ2000 ፍርዱ ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠ። ያንኑ መጽሐፍ ገዝተው ቅዳሜ ማታ ተጫውተው ሰኞ ጠዋት በሰላም ሥራቸው የገቡት ግን ወሬ አይሆኑም። (እኛም ጋዜጣ ነን፤ እናውቀዋለን።)

ስለዚህ እህቴ፣ እንቅልፍሽን የወሰደው መጽሐፉ ላይ ያለው ጥርስ አይደለም። አንቺም ታውቂዋለሽ። ዓመታት ተጫውተሽ ደህና ስትተኚ ነበር።

ወደ ጓደኛሽ ልምጣ፤ ከእሷ ጋር ነው የሚያጣላኝ። «የሚያስፈራ ጨዋታ እኮ ነው» አለች። ነው። ሰው ወዶና ፈቅዶ የሚፈራበት ምክንያትም አለ። በልጅነታችን መብራት ሲጠፋ የጅብና የጭራቅ ተረት ካልተነገረን ብለን እናስቸግር አልነበር? ተነግሮን ሲያበቃ ደግሞ ሽንት ቤት ብቻችንን አንሄድም! ግን እስቲ አስቡት፣ ያ ፍርሃት ለምን ጣፈጠ? አያታችን እዚያው አጠገባችን ስለነበረች ነው። ከሰሉ ፍም አጠገብ ፊታችንን ታያለች። የትንሹ ልጅ ከንፈር መንቀጥቀጥ ሲጀምር ጅቡ በድንገት ገደል ይገባል፣ ተረቱ ያልቃል፣ ቆሎ ይታደላል። ያንቺ መሪ መብራቱን ሲያጠፋው ፊትሽን የሚያይበት ምንም አላስቀረም። መታጠቢያ ቤት ሮጠሽ ስትቆልፊ እንኳን አጨበጨቡ እንጂ አንድ ሰው ተነስቶ አላንኳኳም።

ደግሞም ሰውየው ያመጣው ተረት አይደለም። ይህ ነገር በቫምፓየር ጨዋታ ታሪክ ውስጥ ከአንቺ በፊትም ሆኗል፣ ያውም በትልቁ። ዋይት ዎልፍን በ2015 ፓራዶክስ የሚባል የስዊድን ድርጅት ገዝቶታል። በ2018 አዲሱ አምስተኛ እትም ወጣ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ ላይ ደግሞ ተጨማሪ መጽሐፍ ተከተለ። በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ስለ ቼችንያ የሚያወራ ክፍል አለ። ያኔ ቼችንያ ውስጥ በግብረ ሰዶማዊነት የተጠረጠሩ ወንዶች እየታፈኑ፣ እየታሰሩና እየተገረፉ መሆኑ ገና በ2017 ነው ለዓለም የተሰማው። መጽሐፉ ታዲያ ምን አለ? ይህ ሁሉ አፈና አገሪቱን የሚገዙት ቫምፓየሮች የሠሩት ነው፤ የዓለምን ዓይን ከራሳቸው ለማዞር የዘየዱት መሸፈኛ ነው አለ። ቁስሉ ገና አልደረቀም ነበር! ቁጣው ከተጫዋቾቹ ከራሳቸው ነው የተነሳው፤ ከቼችንያ ባለሥልጣናትም ተቃውሞ መጣ፣ እነሱ እንኳን በራሳቸው ምክንያት ነው። ፓራዶክስ በኖቬምበር 2018 ይቅርታ ጠየቀ፣ መጽሐፉን መሸጥና ማተም ለጊዜው አቆመ፣ የቼችንያውን ክፍል አወጣ። ዋይት ዎልፍ ራሱን ችሎ የሚሠራ ድርጅት መሆኑም በዚያው አበቃ።

«ታዲያ እውነተኛ መከራ በጨዋታ አይነካ ነው የምትለን?» የሚል አንባቢ ይኖራል። አይደለም። ያው ዋይት ዎልፍ ራሱ በ1997 ስለ አይሁዳውያን እልቂት መጽሐፍ አውጥቷል፤ ተጫዋቾቹ የሟቾች መናፍስት የሚሆኑበት የሌላ ጨዋታ ተጨማሪ ክፍል ነው። ለአዋቂዎች ብቻ ተብሎ ነው የታተመው። ሲሰሙት የሚዘገንን ሐሳብ ይመስላል። ነገር ግን ጥፋቱን በጭራቅ ላይ አላላከከም፤ ሰው በሰው ላይ የሠራው ነው ብሎ ነው የተነሳው። በጥንቃቄ ስለተጻፈ ዛሬም ድረስ በአክብሮት የሚያነሱት አሉ። የሁለቱ ልዩነት ይሄ ነው። ሊቢያ ውስጥ መጋዘን የሚቆልፉት ሰዎች ቫምፓየር አይደሉም። ስልክ ቁጥር አላቸው፣ የሚልክላቸው ደላላ አላቸው፣ ገንዘብ የሚቀበልላቸው ዘመድ አላቸው። እነሱን ጥርስ አውጥቶ ማሳየት ለእነሱ ውለታ ነው።

ሁለተኛው ነገር የፈቃድ ጉዳይ ነው። በ2019 በእንግሊዝ አገር በርሚንግሃም በተካሄደ ትልቅ የጨዋታ ኤክስፖ ላይ አንድ መሪ፣ የማይተዋወቁ ሰዎች በተቀመጡበት ጠረጴዛ፣ ገጸ ባህሪያቸው የተደፈሩበትን ታሪክ ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ አመጣባቸው። ተጫዋቾቹ ደንግጠው ለአዘጋጆቹ አመለከቱ። አዘጋጆቹ የሰውየውን ቀሪ ጨዋታዎች በሙሉ ሰረዙ፣ እሱንም አገዱት። «የሚያስፈራ ጨዋታ እኮ ነው» ብሎ የተከራከረለት አልጠፋም። ግን የሲኒማ ቤት ትኬት ስትቆርጪ እንኳ የምታዪው ምን ዓይነት ፊልም እንደሆነ ፖስተሩ ይነግርሻል። ከከበደሽም ተነስተሽ ትወጫለሽ። ጠረጴዛ ላይ ግን ተመልካች ብቻ አይደለሽም፤ የሚደረገው የሚደረገው ባንቺው ገጸ ባህሪ ላይ ነው፣ «ምን ትያለሽ?» እየተባልሽ። መልስ ሁሉ ይጠበቅብሻል!

የሚገርመው፣ ለዚህ ነገር መላው ከተገኘ ቆይቷል። ሮን ኤድዋርድስ የሚባል የጨዋታ ደራሲ በ2003 ባወጣው መጽሐፍ ሁለት ነገር አስተማረ፤ አንዱን «መስመር»፣ ሌላውን «መጋረጃ» ይለዋል። መስመር ማለት «ይህ ነገር በጨዋታችን ውስጥ ጨርሶ አይመጣም» ብለው አስቀድመው የሚስማሙበት ነው። መጋረጃ ደግሞ «ሊሆን ይችላል፣ ግን በዝርዝር አናየውም»፤ ፊልም ላይ በሩ ተዘግቶ ካሜራው ወደ መስኮቱ እንደሚዞረው ዓይነት። ከዚያ በኋላ፣ በ2013 አካባቢ፣ ጆን ስታቭሮፑሎስ የሚባል ሰው የበለጠ ቀላል ነገር አመጣ። ወረቀት ላይ አንድ ትልቅ «ኤክስ» ጽፈው መሃል ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጡታል። ያልተመቸው ሰው ካርዱን ነካ ያደርጋል፤ ያ ነገር ከታሪኩ ይወጣል፣ ጨዋታው ይቀጥላል። ለምን? ብሎ መጠየቅ የለም፣ ማብራራት የለም። በ2019 ደግሞ ሞንቲ ኩክ ጌምስ ስለዚሁ ስለ ፈቃድ በነፃ የሚታደል ትንሽ መጽሐፍ አወጣ፤ እያንዳንዱ ተጫዋች «ይሄ ይመቸኛል፣ ይሄ አይመቸኝም» እያለ ምልክት የሚያደርግበት ቅጽ አለው። ኧረ ሌላም አለ! እናትሽ ጸበል የረጩበት መጽሐፍ አምስተኛው እትም ከሆነ፣ መጨረሻው አካባቢ ስለ መተሳሰብ የሚመክር ክፍል አለበት። ከአምስታችሁ ስንታችሁ አንብባችሁት ይሆን?

አንዳንድ የቆዩ ተጫዋቾች በዚህ ይበሳጫሉ። «አስቀድሞ ከተነገረ ምኑን አስፈራ?» ነው ክርክራቸው። እኔ አልተዋጠልኝም። ጅብ እንዳለ ስለተነገረን ጅቡን መፍራታችን አልቀረም። የከሸፈውስ ያንቺው ማታ ነው፤ በዚያች ሰዓት አንቺ ከጨዋታው ወጥተሽ 14 ዓመትሽ ላይ ቆመሻል፣ እነሱ ደግሞ ጨዋታው የሠመረላቸው መስሏቸዋል።

እስቲ አሁን ለመሪውም ልፍረድለት፤ አለዚያ ሚዛን አይሆንም። የአጎትሽን ልጅ ነገር አልነገርሽውም። «ላንቺ ስል ነው» ያለው ሊያስደስትሽ ፈልጎ ይመስለኛል፤ ስለ አገርሽ ሰዎች ዜና ላይ ያየውን ሰብስቦ ስጦታ አድርጎ አመጣልሽ። ግዴለሽነት ነው፤ የኢትዮጵያ ልጅ ፊቱ ቁጭ ብላ «ከዘመዶችሽ በዚህ መንገድ ያለፈ ሰው አለ?» ብሎ አንድ ጥያቄ መጠየቅ ምን ነበረበት? ክፋት ግን አይደለም። ደግሞ አንቺም «ምንም አይደል» አልሽው። ይህች ቃላችን ስንቱን ጉድ ትሸፍናለች! እናቶቻችን ልብስ ላይ የፈላ ሻይ ሲደፋባቸውም ያቺኑ ነው የሚሉት። እኛ ስንሰማት ፊት እናያለን፤ ፈረንጅ ግን «ምንም አይደል» ካሉት ምንም አይደለም ማለት ነው፣ በቃ።

ስለዚህ ጻፊለት። በአካል ብትነግሪው ታለቅሻለሽ፣ እሱም ይደነግጥና ነገሩ ወደ ማባበል ይዞራል። በቋንቋው አድርጊው እንጂ ፍሬ ነገሩ ይህን ይመስላል፦ «ያን ማታ መታጠቢያ ቤት የገባሁት እየተጫወትኩ አልነበረም። የአጎቴ ልጅ እንደዚያ ባለ መጋዘን ተይዞ ነበር፣ እንደዚያ ባለ ስልክ ድምፁን ሰምተናል፣ የት እንደደረሰ እስከ ዛሬ አናውቅም። አለማወቅህን አውቃለሁ። መመለስ እፈልጋለሁ፣ ነገር ግን የሊቢያው ታሪክ ከነጭራሹ እንዲቀር እፈልጋለሁ፣ እንደገና ከመጀመራችንም በፊት አንድ ማታ ቁጭ ብለን ምን እንደሚመጣና ምን እንደማይመጣ እንነጋገር።» ስለ ልጁ ከዚህ በላይ ዝርዝር መንገር ግዴታ የለብሽም። ይቅርታ ከጠየቀና ከተስማማ ተመለሺ፤ ያቺ የቅዳሜ ማታ ያስፈልግሻል፣ ከደብዳቤሽ ያስታውቃል። «ጨዋታ እኮ ነው» ካለሽ ግን ወንበርሽን ለሌላ ይስጠው። በምትኖሪበት አገር ሌላ ጠረጴዛ አይጠፋም። ለጓደኛሽም ያንኑ ደብዳቤ አሳያት፤ ስትነግሪያት ምናልባት ግማሹን ውጠሽ ይሆናል የነገርሻት።

እንቅልፉን በሚመለከት አልቀልድብሽም። ሁለት ወር ሙሉ አለመተኛት፣ ስልክ በጠራ ቁጥር መደንገጥ፣ በቀላሉ የሚተው ነገር አይደለም። ፍርሃትም አይባልም። አሥር ዓመት ተኝቶ የነበረ ሐዘን ተቀሰቀሰ። የመሥሪያ ቤትሽ ኢንሹራንስ ካለሽ ሐኪምሽን «የሥነ ልቦና ባለሙያ ጋ ላኪኝ» በያት። ስትሄጂ ስለ ቫምፓየር ከማውራትሽ በፊት ስለ ስልኩ አውሪ። ጸበሉንም ከፈለግሽ ተጠመቂ፤ አማኝ ነሽ፣ የሚከለክልሽ የለም። ሐኪም ጋ የሚሄድ ሰው ጸበል አይቀርበትም፣ ጸበል የሚጠመቅም ሐኪም አይቀርበትም። አንዱን በሌላው እንዳትተኪ ብቻ።

አሁን ወደ እናትሽ። ደብዳቤሽ ውስጥ እንደ ዋዛ ያለፍሽው አንድ አረፍተ ነገር አለ፦ «ስልኩን የምታነሳው እናቴ ነበረች።» እህቴ፣ አንቺ 14 ዓመትሽ ሆኖ ከጎን ቆመሽ የሰማሽውን፣ እሳቸው ጆሯቸው ላይ ይዘው ነው የሰሙት። የወንድማቸው ልጅ ነው። ገንዘቡን ለመሰብሰብ ቤት ለቤት የዞሩት፣ ከዚያ ደግሞ ያልተደወለውን ስልክ ሲጠብቁ የኖሩት እሳቸው ናቸው። አሥር ዓመት ሙሉ ስለ ልጁ ቤታችሁ ውስጥ ተወርቶ ያውቃል? እንደምገምተው አልተወራም። የተቀበረ ሰው ለቅሶ ይደረስለታል፣ ተዝካር ይወጣለታል። የጠፋ ሰው ግን እንዲህም አይደረግለት፣ እንዲያም አይባልለት። አሁን ደግሞ ልጃቸው ሌሊት ሳትተኛ ሲያዩ፣ አልጋዋ ሥር ደም የተቀባ መጽሐፍ ሲያገኙ፣ ሌላ ልጅ ደግሞ ከእጃቸው የምታመልጥ መሰላቸው። በሰይጣን ጉዳይ አትከራከሪያቸው፤ አትረቺም፣ ብትረቺም ምንም አታገኚም። አንድ እሑድ ቡና አፍሉ። «እማዬ፣ እንቅልፍ ያጣሁት በሱ ነው» ብለሽ የልጁን ስም ጥሪ። ስልኩ እንዴት እንደጠራ፣ ምን እንደሰማሽ ንገሪያቸው። የመጀመሪያዋ ጀበና እስክታልቅ ሁለታችሁም ምንም ላትናገሩ ትችላላችሁ። ተዪው፣ ሁለተኛ ጨምሩ።

ከዚያ በኋላ፣ ጠረጴዛሽ ተስተካክሎ ወደ ጨዋታው ከተመለስሽ፣ አንዱን ቅዳሜ እናንተው ቤት አድርጉት። እናትሽ ለልጆቹ ምግብ ሲያቀርቡ ምን እንደምትሠሩ በዓይናቸው ይዩ፤ ድንች ጥብስ እየበሉ ወረቀት ላይ የሚጭሩ አምስት ወጣቶች ናችሁ። የመጀመሪያውን ማታ ግን ቀለል ያለ ታሪክ ምረጡ፣ ደሙ ይቆየን።

መጽሐፉ በጸበሉ ረጥቦ ከሆነ ደግሞ አትጣይው፣ ጸሐይ ላይም አታስጪው፣ ይጣመማል። በየገጾቹ መሃል ሶፍት እያስገባሽ፣ ከላይ ከበድ ያለ ነገር ጭነሽበት አንድ ሦስት ቀን ተዪው፤ ሶፍቱን በየቀኑ ቀይሪ። የቡናው ነገር እንዴት እንደሆነ ደግሞ ጻፊልን፣ እንጠብቃለን።